ቺፕሳችን ለምን ይልፈሰፈሳል?

ድንች ልጦ፣ ከትፎ፣ ዘይት ውስጥ መጨመር ማንም ይችላል። የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ድንች፣ ዘይትና ጨው። ያም ሆኖ ሳህኑ ላይ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ልፍስፍስ ያለ፣ ዘይት የጠጣ፣ ጫፉ አርሮ መሃሉ ያልበሰለ ቺፕስ ነው። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበር የምጠብሰው። እሳቱን ስጨምር ያርርብኛል። ስቀንስ ዘይት ይጠጣብኛል። ድንቹን ቀየርኩ፣ ዘይቱን ቀየርኩ፣ መጥበሻውንም ቀየርኩ። ነገሩ የተስተካከለው ግን ድስቱ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ሲገባኝ ነው። ዛሬ ይህንኑ ላካፍላችሁ።

ቺፕስ የምለው በዋናነት በጣት ውፍረት ተቆርጦ የሚጠበሰውን ነው። እንደ ወረቀት ሳስቶ ስለሚጠበሰው ወደ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። መነሻቸው አንድ ነው፤ አጠባበሳቸው ግን ይለያል።

ነገሩ ሁሉ ውሃ ነው

ከአንድ ድንች ክብደት ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው። ከቀረው ውስጥ አብዛኛው ስታርች የሚባለው ዱቄት መሰል ነገር ነው። ስለዚህ ድንች ዘይት ውስጥ ስንጨምር በአመዛኙ ውሃ ነው የምንጨምረው። የሚኮረሸም ነገር ደግሞ ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ ነገር አይኮረሸምም። እንግዲህ ቺፕስ መጥበስ ማለት ውሃን ከድንች ማስወጣት ማለት ነው። ድንች ከመምረጥ ጀምሮ ጨው እስከመነስነስ ያለው ሁሉ እዚህ ላይ ይመለሳል፤ ውሃው ከየት ይወጣል? መቼ? በምን ፍጥነት?

ዘይቱ 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል እንበል። ድንቹ ዘይቱን እንደነካ ላዩ ላይ ያለው ውሃ ወዲያው ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። ያ የሚንጫጫው ድምፅና የምናየው አረፋ ዘይቱ ፈልቶ አይደለም። ዘይት በዚህ ሙቀት አይፈላም። አረፋው ከድንቹ የሚወጣ የውሃ እንፋሎት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ከዚህ በኋላ አረፋውን እንደ ሰዓት ነው የምንጠቀምበት። መጀመሪያ በኃይል ይንተከተካል። እየቆየ ይረጋጋል። ሲረጋጋ ቅርፊቱ እየደረቀ ነው።

እንፋሎቱ ሌላም ጥቅም አለው። በኃይል ወደ ውጭ እየወጣ ሳለ ዘይቱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይመልሰዋል። ለዚህ ነው በቂ ሙቀት ያለው ዘይት ውስጥ የገባ ድንች የተባለውን ያህል ዘይት የማይጠጣው።

አሁን ወደ መሃሉ እንግባ። ውጪው 170 ዲግሪ ዘይት ውስጥ ቢሆንም፣ ውሃ እስካለ ድረስ የድንቹ መሃል ከ100 ዲግሪ አያልፍም። ውሃ ከፈላ በኋላ የሚጨመርለት ሙቀት እንፋሎት ለማድረግ ነው የሚውለው። ስለዚህ መሃሉ እየተቀቀለ ነው፤ ቅርፊቱ ነው የሚጠበሰው። አንድ ቁራጭ ላይ ሁለት ዓይነት አበሳሰል አለ። ፈተናውም ከዚህ ይመጣል። መሃሉ ረጋ ብሎ መብሰል ይፈልጋል። ቅርፊቱ በኃይለኛ ሙቀት መድረቅና መቅላት ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ እሳት፣ በአንድ ጊዜ ለመጨረስ ስንሞክር አንዱ ይበላሽብናል። ብዙ ቤት ውስጥ ቺፕስ አልሳካ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ድንቹን ማወቅ

ድንች ሁሉ አንድ አይደለም። ሲቀቀል ፍርክስክስ የሚል ዱቄታማ ድንች አለ። ሲቀቀል ቅርጹን ይዞ የሚቆይ፣ ሲነክሱት ሙልጭልጭ የሚልም አለ። ሁለተኛው ለሰላጣ ጥሩ ነው። ለቺፕስ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው። ስታርቹ ብዙ፣ ውሃው አነስ ያለ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ መሃሉም ደመና መስሎ ይበስላል። በዓለም ላይ በቺፕስነታቸው የታወቁት ራሰት ቡርባንክ፣ ማሪስ ፓይፐርና አግሪያ የሚባሉት ዝርያዎች ከዚህ ወገን ናቸው።

የዝርያውን ስም የማታውቁት ድንች ከሆነ የምትፈትኑበት ቀላል መንገድ አለ። አንድ እጅ ጨው በ11 እጅ ውሃ አሟሙ። በሲኒም ለኩት በኩባያ ለውጥ የለውም። ከዚያ ድንቹን ጨምሩበት። ስታርች ከውሃ ስለሚከብድ ዱቄታማው ይሰምጣል። ውሃማው ይንሳፈፋል።

ሁለተኛው ነገር ስኳር ነው። ይህኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ጉዳቱ ግን ትልቅ ነው። ድንች ብርድ ሲያገኘው፣ በተለይ ከ6 ዲግሪ በታች ለቀናት ሲቆይ፣ ስታርቹን ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል። ፍሪጅ ውስጥ የሰነበተ ድንች ስኳራም ድንች ነው። ስኳሩ ዘይት ውስጥ ሲገባ ከድንቹ አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ነገሮች) ጋር ተዋህዶ በፍጥነት ይቀላል። ይህ የመቅላት ሂደት ማያር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ስለዚሁ የጻፈው የፈረንሳዊው ኬሚስት የሉዊ ካሚል ማያር ስም ነው። የቺፕስን መዓዛና ቀለም የሚሰጠው ይህ ሂደት ነው፤ ሲበዛ ግን ይጎዳል። ስኳራም ድንች ሳይደርቅ ይቀላል። እኛ ቀለሙን አይተን «ደረሰ» ብለን እናወጣዋለን። ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ይልፈሰፈሳል። ቀለሙ ዋሸን እንጂ ውሃው አልወጣም ነበር።

ስለዚህ ድንቻችሁን ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጡ። ጨለማ፣ ቀዝቀዝ ያለና አየር የሚያገኝ ቦታ ይፈልጋል። ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ቢሆን ተስማሚ ነው። ቀድሞ ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ካላችሁ አውጥታችሁ አንድ ሁለት ሳምንት ከፍሪጅ ውጭ ጨለማ ቦታ አቆዩት። ከስኳሩ የተወሰነው ይቀንሳል።

ነገሩ የቀለምና የጣዕም ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች በኃይለኛ ሙቀት በተጠበሱና በተጋገሩ ስታርች ያላቸው ምግቦች ውስጥ አክሪላማይድ የተባለ ንጥረ ነገር እንደሚገኝ ይፋ አደረጉ። አክሪላማይድ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ካንሰር ማምጣቱ ታይቷል። ድንች ውስጥ ያለው አስፓራጂን የተባለ አሚኖ አሲድና ስኳሩ ከ120 ዲግሪ በላይ ሲገናኙ ይፈጠራል። ስኳሩ በበዛና ቺፕሱ በጠቆረ ቁጥር እሱም ይበዛል። ቺፕስ አትብሉ ለማለት አይደለም። ወርቃማ ሲሆን አውጡት፤ ቡናማ እስኪሆን አትጠብቁት። ደስ የሚለው ነገር ለጤናው የሚበጀው ለጣዕሙም የሚበጅ መሆኑ ነው።

የአረንጓዴ ድንች ነገርም አይዘንጋ። ብርሃን ያገኘው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ አብሮም ሶላኒን የሚባል መርዛማ ነገር ይጨምራል። መቀቀልም ሆነ መጥበስ አያጠፋውም። ትንሽ ከሆነ በጥልቀት ቆርጣችሁ ጣሉት። ከበዛ ድንቹን በሙሉ ተዉት።

መቁረጥ፣ ማጠብ፣ ማድረቅ

ውፍረቱ አንድ ሴንቲሜትር አካባቢ ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን እኩል ይሁን። ቀጭኑ ሲያርር ወፍራሙ ጥሬ እየሆነ የሚያስቸግረን እኩል ስላልቆረጥነው ነው።

ቢላዋው ሲያልፍ የድንቹ ሕዋሶች ይቀደዳሉ። ስታርቹ ወጥቶ ላዩ ላይ ይለጠፋል። ያ ነጭ እድፍ የመሰለው ነገር እሱ ነው። ካልታጠበ ቁራጮቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ ቀድሞ ያርራል፤ ዘይቱንም ያቆሽሻል። ስለዚህ ውሃው እስኪጠራ ድረስ እጠቡት። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። ዝፍዘፋው ከላዩ ያለውን ስኳርም ይቀንሳል።

ከዚያ ማድረቅ ነው። ይህን ሰው ሁሉ ይቸኩልበታል። ላዩ ላይ የቀረ ጠብታ ሁሉ ቅርፊቱ መድረቅ ከመጀመሩ በፊት ፈልቶ ማለቅ አለበት። ለዚያ የሚያስፈልገው ሙቀት የሚመጣው ከዘይቱ ነው፤ ስለዚህ ዘይቱ ይበርዳል። የበረደ ዘይት ደግሞ እንፋሎቱን ያዳክመዋል። ዘይት መፈንጠሩና ክንዳችንን ማቃጠሉም ከዚሁ ውሃ ነው። በንጹህ ፎጣ ጠቅልላችሁ በደንብ አድርቁት። ፎጣው ከራሰ ሌላ ቀይሩ።

መጀመሪያ መቀቀል

ሁለቱን አበሳሰሎች መለየት አለብን ብያችኋለሁ። የመሃሉን ሥራ ቀድሞ ለመጨረስ ከሁሉ የተሻለው መንገድ በውሃ መቀቀል ነው። እንግሊዛዊው ሼፍ ሄስተን ብሉመንታል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስተዋወቀው ሦስት ጊዜ የሚበስል ቺፕስ የሚጀምረው በዚህ ነው። አንዴ ይቀቀላል፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ ይጠበሳል። አድካሚ ይመስላል። አንድ ጊዜ ብትሞክሩት ግን ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ሲቀቀል ምን ይሆናል? የድንቹ ስታርች 60 ዲግሪን ሲያልፍ ውሃ እየጠጣ ያብጥና ሙጫ መሰል ይሆናል። ይህ ሙጫ ነው በኋላ ዘይት ውስጥ ደርቆ ጠንካራ ቅርፊት የሚሆነው። ላዩም ሲለሰልስ ይሰነጣጠቃል። ስንጥቁ ሁሉ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚኮረሸም ጠርዝ ነው። ለስላሳና ለጥ ያለ ቁራጭ አንድ ገጽ ብቻ አለው። የተሰነጣጠቀው ብዙ አለው።

ችግሩ ድንቹ እጃችን ላይ መፈራረሱ ነው። መድኃኒቱ አቼቶ ነው። ሕዋሶቹን አጣብቆ የያዛቸው ፔክቲን የሚባል ነገር አለ። ፔክቲን በአሲድ ውሃ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ይበቃል። ድንቹ ውስጡ ይበስላል፤ ቅርጹ ግን አይፈርስም። ጣዕሙን አትፍሩ፤ ሲጠበስ አይታወቅም።

ቀዝቃዛ ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ ጀምሩ። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱለት፤ በዝግታ ይንተክተክ። አንድ ሴንቲሜትር ውፍረት ላለው 10 ደቂቃ አካባቢ ነው። ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ ቦታ የምትኖሩ ትንሽ ጨምሩበት። በ2,400 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ድንች ለመብሰል ጊዜ ይወስድበታል። ሹካ ስትወጉት ያለ ትግል ሲገባ በቃ።

ከዚያ በቀስታ በጭልፋ አውጥታችሁ የሽቦ መደርደሪያ ወይም ሰፊ ትሪ ላይ ሳይደራረብ ዘርጉት። ትኩስ ድንች ላዩ ላይ ያለውን ውሃ ራሱ በእንፋሎት ያባርራል። እንፋሎቱን እያያችሁ ታገሡት። ለእናንተ እየሠራ ነው። ደርቆ ላዩ ሻከር ሲል ለዘይት ዝግጁ ነው።

ሁለት ጊዜ መጥበስ

መቀቀሉን ብትዘሉት እንኳ ይህን አትዝለሉት።

የመጀመሪያው ጥብስ በ130 ወይም በ140 ዲግሪ ነው። ከ5 እስከ 6 ደቂቃ። ቀድሞ ላልተቀቀለ ድንች ሁለት ደቂቃ ያህል ጨምሩ። በዚህ ጊዜ መቅላት የለበትም። ገርጣ ያለ፣ ስስ ቆዳ የያዘ፣ ሲያዩት እንኳ የማያስጎመጅ ነገር ነው የሚወጣው። ልክ ነው፤ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። አውጥታችሁ ዘርጉት። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ።

እዚህ እረፍት ላይ ነው ዋናው ሥራ የሚሠራው። ቅርፊቱ ደርቋል፤ መሃሉ ግን እርጥብ ነው። ውሃ ከእርጥቡ ወደ ደረቁ ይሄዳል። ስለዚህ ከመሃሉ ወደ ላይ እየመጣ ቅርፊቱ ሥር ይሰበሰባል። አንድ ጊዜ ብቻ የጠበስነው ቺፕስ ሳህን ላይ የሚልፈሰፈሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። እዚያ ግን ውሃው የመጣው እራት ላይ ነው። እኛ አስቀድመን እንዲመጣ አደረግነው። አሁን ሁለተኛው ጥብስ ጠርጎ ያስወጣዋል።

ጊዜ ካላችሁ በሁለቱ መሃል ፍሪዘር አስገቡት። ውሃው በረዶ ሲሆን ስለት እየሆነ የሕዋሶቹን ግድግዳ ይቀደዋል። በኋላ ዘይት ውስጥ ሲገባ ውሃው በቀላሉ ያመልጣል፤ መሃሉም ይበልጥ ብትን ያለ ይሆናል። ከፍሪዘር ስታወጡት እንዲቀልጥ አትጠብቁ። በረዶውን ከላዩ አራግፋችሁ፣ በትንሽ በትንሹ ቀጥታ ወደ ዘይት አስገቡት።

ሁለተኛው ጥብስ በ175 ወይም በ180 ዲግሪ ነው። ከሁለት እስከ አራት ደቂቃ። አሁን ዓይናችሁም ጆሮአችሁም ይሥራ። አረፋው ሲቀንስ፣ ድምፁ ከመንጫጫት ወደ ቀጭን ሹክሹክታ ሲወርድ፣ በጭልፋ ስትነኩት ቋ ቋ ሲል፣ ቀለሙም ወርቃማ ሲሆን ደርሷል።

ሌላ መንገድ አለ፤ ለችኮላ ቀን የሚሆን። ጥሬውን ድንች ቀዝቃዛ ዘይት ውስጥ ጨምሮ እሳቱን መለኮስ። ዘይቱ ቀስ እያለ ሲሞቅ መሃሉ ይበስላል፤ ወደ መጨረሻ ሲግል ቅርፊቱ ይደርቃል። ዘይት ይጠጣል ብላችሁ እንደምትሰጉ አውቃለሁ። በጣም አይጠጣም፤ ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ላይ ግን አታማስሉት፤ ይሰባበራል። ከሁለቱ ጥብስ ጋር የሚወዳደር አይመስለኝም፤ ለአንድ ዙር ግን ጥሩ ነው።

ዘይቱ

የተጣራ የሱፍ፣ የኦቾሎኒ ወይም የካኖላ ዘይት ይሁን። እስከ 200 ዲግሪ ድረስ ሳይጨስ የሚታገሥ መሆን አለበት። ቅቤ አይሆንም፤ ውስጡ ያለው የወተት ተረፈ ነገር ያርራል።

መጠኑ ከዓይነቱ ይበልጣል። ለአንድ ሊትር ዘይት በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ግራም ድንች አይበልጥ። ድስቱን ከሞላችሁት ዘይቱ በአንዴ 40 እና 50 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ያኔ መጥበሱ ይቀርና በዘይት መቀቀል ይሆናል። «እሳቱ አነሰ» ብለን የምናማርርበት ጊዜ አብዛኛውን ድንቹን አብዝተን ነው። በትንሽ በትንሹ ጥበሱ። በየዙሩ መሃል ዘይቱ መልሶ እስኪግል ጠብቁት።

ቴርሞሜትር ቢኖራችሁ ጥሩ ነው። ከሌለ ደረቅ የእንጨት ማንኪያ እጀታ ዘይቱ ውስጥ ንከሩ። በዙሪያው ለስለስ ያለ ትንንሽ አረፋ ካለ ለመጀመሪያው ጥብስ ይሆናል። በኃይል ከተንተከተከ ለሁለተኛው። የዳቦ ቁራጭም ትችላላችሁ፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ወርቃማ ከሆነ 180 ገደማ ደርሷል። ዘይቱ ከጨሰ ግን አልፏል። እሳቱን አጥፉ።

ከጠበሳችሁበት በኋላ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ ወይም በጥሩ ወንፊት አጥሉት። የሚያበላሸው ወድቆ የቀረው ፍርፋሪ ነው። ጨለማ ቦታ ከተቀመጠ ደግማችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። እንዲያውም አንድ ጊዜ የተጠበሰበት ዘይት ከአዲሱ የተሻለ ቀለም ይሰጣል። ሲጠቁር፣ ሲወፍር፣ ሳይግል ሲጨስ ወይም ድንቹ ከወጣ በኋላም ላዩ አረፋ ሲይዝ ግን ጊዜው አልቋል። ጣሉት።

አንድ የደህንነት ነገር ደግሞ፣ እባካችሁ። ድስቱን ከግማሽ በላይ በዘይት አትሙሉት። ዘይቱ እሳት ላይ እያለ ጥላችሁ አትሂዱ። እሳት ቢይዝ ምድጃውን አጥፍታችሁ በብረት ክዳን ክደኑት፤ ድስቱንም አታንቀሳቅሱት። ውሃ በፍጹም እንዳትደፉበት። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 እጥፍ በላይ ያድጋል። የጋለውን ዘይት ይዞ ነው ወደ ላይ የሚፈነዳው።

ዘይት የሚጠጣው ከወጣ በኋላ ነው

ይህን ስሰማ ማመን አቅቶኝ ነበር። ቺፕስ ዘይት የሚጠጣው ዘይት ውስጥ ሳለ ይመስለናል። አብዛኛውን የሚጠጣው ግን ከወጣ በኋላ ባሉት ጥቂት ቅጽበቶች ውስጥ ነው። ዘይት ውስጥ ሳለ እንፋሎቱ ወደ ውጭ እየገፋ ይከላከላል። ከወጣ በኋላ መቀዝቀዝ ይጀምራል። ቅርፊቱ ውስጥ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች የነበረው እንፋሎት መልሶ ውሃ ይሆናል፤ ቦታው ባዶ ይቀራል። ባዶው ላዩ ላይ የቀረውን ዘይት ወደ ውስጥ ይስበዋል።

ስለዚህ ከወጣ በኋላ ያለው ግማሽ ደቂቃ ወርቅ ነው። በጭልፋው ላይ እያላችሁ ድስቱ ላይ በደንብ አራግፉት። ወዲያው በሶፍት ወረቀት ላይ አንከባሉት። ግን እዚያው አትተዉት። ወረቀቱ ላይ ተከምሮ ከቆየ ከሥሩ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ያጣና መልሶ ያረጥበዋል። ሽቦ ላይ ወይም ማጥለያ ላይ ዘርጉት። አትክደኑት። ትኩስ ይሁን ብሎ መክደን ቺፕስን በገዛ እንፋሎቱ መቀቀል ነው።

ጨው በዚህ ጊዜ ይነስነስ። ዘይቱ ገና እርጥብ ሳለ ይያዛል። ደቀቅ ያለ ጨው ይሻላል። ጥሬው ላይ ነስንሳችሁ አትጥበሱ፤ ውሃ ይስባል።

ስሱ ቺፕስ

እንደ ወረቀት የሚሳሳው ቺፕስ ነገሩ ይቀልለታል፤ መሃል የለውም። ሁሉም ቅርፊት ነው። ስለዚህ ሁለት ሙቀት፣ ሁለት ጥብስ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ውሃውን እስከ መጨረሻው ማስወጣት ብቻ ነው። ጥሬው ከ75 በመቶ በላይ ውሃ የነበረው ሲደርስ 2 በመቶ አካባቢ ብቻ ይቀረዋል። ውሃው በወጣበት ቦታ ዘይት ይገባል። ለዚህ ነው ስስ ቺፕስ ከክብደቱ አንድ ሦስተኛው ያህል ዘይት የሚሆነው። ወፍራሙ ከዚያ ግማሹን ያህል እንኳ አይዝም።

ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሚሊሜትር ቁረጡት። ውሃው እስኪጠራ እጠቡት፤ የመጨረሻውን ዝፍዘፋ ትንሽ አቼቶ ባለበት ውሃ አድርጉት። ከዚያ አንድ በአንድ በፎጣ አድርቁት። ዘይቱ ከ150 እስከ 165 ዲግሪ ይሁን። ከዚያ በላይ ከሆነ ጠርዙ ቀልቶ መሃሉ ልጥጥ ይላል። በእፍኝ በእፍኙ ጨምሩ፤ እንዳይጣበቅ አገላብጡት። አረፋው ሙሉ በሙሉ ሲቆም አውጡት። ትንሽ አረፋ እያለ ከወጣ ሲቀዝቅዝ አይሰበርም፤ ይተጣጠፋል።

የዚህ ቺፕስ ታሪክ ሲነገር እ.ኤ.አ. በ1853 በኒው ዮርክ ግዛት ሳራቶጋ ስፕሪንግስ ውስጥ ጆርጅ ክረም የሚባል አብሳይ ወፍራም ነው ብሎ ድንች በመለሰበት ተመጋቢ ተናድዶ ፈጠረው ይባላል። አፈ ታሪክ ነው። ዊሊያም ኪችነር የተባለ እንግሊዛዊ ከዚያ 30 ዓመት ቀደም ብሎ በስሱ ተልጦ የሚጠበስ ድንች አሠራር አሳትሞ ነበር። እኔን የገረመኝ ዝርዝሩ ነው። ድንቹን በንጹህ ጨርቅ በደንብ አድርቁት ይላል። ስቡ ፈልቶ ጸጥ ሲል ጨምሩት ይላል። ሲወጣም በወንፊት ላይ አንጠፍጥፉት ይላል። ማድረቅ፣ ሙቀት፣ ማንጠፍጠፍ። ያኔ ቴርሞሜትር የያዘ አብሳይ አልነበረም፤ ውሃው የት እንዳለ ግን ያውቁ ነበር።

የተረፈ ቺፕስ ካላችሁ ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡት። ማይክሮዌቭ የመሃሉን ውሃ አሙቆ ወደ ቅርፊቱ ይገፋዋል። 200 ዲግሪ በጋለ ኦቭን ውስጥ ሳይደራረብ ለ5 ደቂቃ ያህል አቆዩት። ኦቭን ከሌለ ሰፊ መጥበሻ አግላችሁ፣ ያለ ዘይት፣ ሳትከድኑ እያገላበጣችሁ አሙቁት። የራሱ ዘይት ይበቃዋል። ስሱ ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ አየር በማያስገባ ዕቃ ክደኑት፤ ትንሽ ሙቀት እያለው ከከደናችሁት ጠዋት ላይ ልስልስ ብሎ ታገኙታላችሁ።